በፈረስ ላደገ ሰው ሞተር መምረጥ

ዛሬም እንጅባራ ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኛል። ባጃጅ ተራው ጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ አንድ ጊዜማ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ። «አያ አንማው፣ ሞተር ልቀይር ነበር፤ የቱ ይሻለኛል?» ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጥያቄው በዛ እንጂ አልቀነሰም። ጀማሪ ይህን አይጠይቀኝም፤ ጀማሪ የሚያስበው ስለ መውደቅ ብቻ ነው። የበቃለትም አይጠይቀኝም። የሚጠይቀኝ መሐል ላይ ያለው ነው፤ ማርሽ መቀያየር የለመደ፣ ጭቃ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንሸራቶ የተነሣ፣ ትንሿ ሞተር አሁን አሁን የጠበበችው የሚመስለው። እንዲህ ያለ ሰው ሲያናግረኝ እፈራለታለሁ። ለምን እንደሆነ ለመጻፍ ነው ዛሬ የተቀመጥሁት።

ሥራዬ መካኒክነት ነበር። ዞኑ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተቀጥሬ የሞተር ካቴና በማጠብና ጎማ በመለጠፍ ጀመርሁ። የእንስሳት ሐኪሞቹና የግብርና ባለሙያዎቹ ወደየቀበሌው የሚሄዱት በሞተር ስለሆነ፣ ኋላ ላይ ሞተር ማስተማሩም፣ ለማን የትኛዋ ትሰጥ የሚለውም ወደ እኔ መጣ። ቀላል ይመስላል። ግን የእኛን አገር መንገድ አስቡት። ጠዋት አስፋልት፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ በግራር ተክሉ መሐል የከሰል ጋሪ የቦረቦረው ቀይ ጭቃ፣ መጨረሻ ላይ ሰው በእግሩ እንኳ የሚጠነቀቅበት ድንጋይ። አንዲት ሞተር ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መቻል አለባት። ሰውየውም እንደዚያው።

ሦስት ዓይነት ሞተር ነበረን። ትንሿ ዝቅ ያለች ናት፤ ሁለት እግር መሬት ያስረግጣል፤ ብትወድቅ ብቻህን ታነሣታለህ፤ ግን ሞላዋ ደካማ ስለሆነ ድንጋይ ላይ ወገብ ትቆርጣለች። ትልቋ ረጅም ናት፤ ድንጋዩን እንዳላየ ታልፈዋለች፤ ታዲያ ነዳጅ ሲሰጧት ትፈናጠራለች። መካከለኛዋ በቁጥር ትንሽ ስለነበረች ሁልጊዜ በሰው እጅ ነበረች። መሐል ላይ ያለ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ትልቋ ላይ ነው። የሚመርጠው ጎበዝ በነበረበት ቀን ልክ ነው፤ ሞተር መመረጥ ያለበት ግን በደከመበት ሰዓት ልክ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ አቶ ፈንታ ናቸው፣ ከእኔ በፊት የጋራዡ ኃላፊ የነበሩት። የዳንግላ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ጋሪ ነጂ ነበሩ። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ትከሻቸው ላይ ጨርቅ የማይጠፋ ሰው። ሞተር ከመስጠታቸው በፊት ሰውየውን እንደ ሙሽራ ነበር የሚመረምሩት። ሞተሯን አጥፍቶ ዳገት ይገፋል። አስተኝቶ ያነሣታል። ከዚያ ቁልቁል ይልኩታል። «ሽቅብማ ሞተሯ ናት የምትወጣው፤ ሰውየው የሚታየው ቁልቁል ነው» ይላሉ። የሚፈትኑትም ጠዋት አይደለም፤ ከመስክ ተመልሶ፣ ርቦት፣ ቤቱ ሊሄድ ሲቸኩል ነው። ሲመለስ ክንዱን ጨበጥ ያደርጉታል። ክንዱ እንጨት ሆኖ ከደረቀ «ይቺ ገና ናት» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ። መለመን የለ፣ መቆጣት የለ።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ እሱን አልወድላቸውም ነበር። የመጣውን ሁሉ «በምን አደግህ?» ይሉታል። በብስክሌት ያደገ ከተሜ ከሆነ ትልቋን ቶሎ ይሰጡታል። በፈረስ ያደገ ከሆነ ትንሿ ላይ ያቆዩታል፣ አንዳንዴ ዓመት ሙሉ። እኔ ራሴ የፈረስ አገር ልጅ ነኝ፤ ንቀት መሰለኝ። ፈረስ በአፍላው የገታ ሰው ሞተር ያቅተዋል እንዴ! አንድ ቀን አልቻልሁም፤ «አቶ ፈንታ፣ የእኛን ልጆች ለምን ያጓትቷቸዋል?» አልኋቸው።

«እጃቸውን እይ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የልጆቹን እጅ አየሁ። እጅ ነው። ምንም አላየሁም። ደግሜ ለመጠየቅ ኩራቴ አልፈቀደልኝም። እሳቸውም ማብራራት አይወዱም ነበር። ጡረታ ወጥተው ዳንግላ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ቁልፉ እኔ እጅ በገባ በዓመቱ ነው ይኸነው የሚባል ልጅ የመጣው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፤ አባቱ አያ ተሰማ በፈረስ የታወቁ ሰው። ልጁን በጥሩ የፈረሰኞች በዓል ሲጋልብ አይቼው ነበር። ፈረሱ እየበረረ እሱ ኮርቻው ላይ ውኃ ቢይዝ እንኳ አይፈስበትም የሚያስብል ነበር። ያን ቀን ወደድሁት፤ አልዋሽም። አንድ ክረምት በትንሿ ሠራ። ጥሩ እየሆነ ነበር። ከዚያ መጣና «አያ፣ ትንሿ ጠበበችኝ» አለኝ።

«የት ላይ ነው የጠበበችህ?»

«ድንጋዩ ላይ ትነጥራለች። ዳገት ላይ ታለቅሳለች። ደርሼ ስወርድ እጄ እየተንቀጠቀጠ መርፌ መያዝ ያቅተኛል። ትልቋ ብትሆን...»

ያለው ሁሉ እውነት ነበር። አለቃችን አቶ ደምሴም በዚያው ሰሞን ቢሮ ጠርቶኝ «ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ያለው የቆላ ቀበሌ የከብት ክትባት አልደረሰውም። ማን ይሂድ? ዛሬውኑ ስም አምጣ» አለኝ። ያለችው ትልቋ ብቻ ነበረች። ይኸነውን ፈተንሁት፤ ግን ጠዋት ፈተንሁት፤ ሽቅብ ፈተንሁት። ክንዱንም አልጨበጥሁም። እሱ ምኑ ይፈተናል፣ ፈረሰኛ አይደለም እንዴ፣ ብዬ ፈረምሁ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ስልክ ተደወለ፤ ኔትወርኩ እየቆራረጠ «ሞተሯ... ገደል...» የሚል ብቻ ሰማሁ። መልሰን ብንደውል እምቢ አለ። በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ግምጃ ቤት በረርን። ሞቷል ወይስ አለ? ከከተማው ወጥተን ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ሲወጡ አገኘናቸው። በሕይወት አለ። ቀኝ ጉልበቱ ግን የጉልበት መልክ አልነበረውም።

ያየው አንድ ገበሬ እንዲህ አለን፦ «ላም መንገዱን አቋረጠችበት። ያኔ ሞተሯ ጮኸች። ኧረ ጮኸች ነው የምላችሁ! ይቆማል ስንል እንዲያውም ባሰበት፣ ተወርውራ ገባች።»

ይኸነው ቃሬዛው ላይ ሆኖ እጄን ያዘኝ። «ላቆማት ነበር፣ አያ። እምቢ አለችኝ።»

ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሞተሯን ፈትቼ አየኋት። ፍሬኗ ደህና ነው፤ የነዳጁ ሽቦ አልተያዘም፤ ጎማዋ አዲስ ነው። ሞተሯ ካላጠፋች ያጠፋው ሰውየው ነው። ምስክሩም ጮኸች ብሏል። «ላቆማት ነበር» ያለውን ማንም አላመነውም፤ እኔም አላመንሁትም። «ከመጠን ያለፈ ፍጥነት፤ የአሽከርካሪው ጥፋት» ተብሎ ተጻፈ። ፈረምሁ። ስፈርም እፎይ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ጥፋቱ የእሱ ካልሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ትልቋን ማን ሰጠው የሚል ነበራ! እስካሁን የሚያሳፍረኝ ያ እፎይታ ነው።

ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። መሥሪያ ቤቱ ሞተር እንዳይዝ ከለከለውና መድኃኒት መጋዘን አስቀመጠው፤ መስክ ቀረ። ፈረስም ቀረ። ከሁሉ የከፋው ግን ስሙ ነው። ያ ወረቀት ከቢሮ ወጥቶ ከተማውን ዞረ። አያ ተሰማ በሰው ፊት «ልጄን ጉራው ነው የሰበረው» አሉ። እነሱ ቤት የሚመላለስ ጎረቤት እንደነገረኝ አባትና ልጅ ከዚያ ወዲያ የሚነጋገሩት በእናትየው በኩል ሆነ። «እራት ቀርቧል በይው»፣ «በልቻለሁ በያቸው»። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ሦስት ዓመት።

እኔ ደግሞ ፈሪ ሆንሁ። መጠንቀቅ አልለውም፣ ፍርሃት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ ትንሿ ላይ ቸነከርሁት። ጥሩዬ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ሁለት ክረምት ሙሉ በትንሿ ድንጋይ ስትመታ ኖረች። «አያ፣ እኔ የምውለው ከብት ሳክም ሳይሆን ከዚህች ጋር ስታገል ነው» ትለኛለች። ወገቧን ይዛ ነው ከሞተር የምትወርደው። ክንዷን ስጨብጠው ይደርቃል፤ የሚያደርቀው ግን የሞተሯ ማነስ እንጂ የልጅቱ አለመቻል አልነበረም። አውቀዋለሁ። መካከለኛዋን ለመያዝ ተራዋ ደርሷል። ቁልፉን አውጥቼ መልሼ ኪሴ እከታለሁ። ጡረታዬ አንድ ወር ሲቀረው አቶ ደምሴ «ወይ ስጣት፣ ወይ አትችልም ብለህ ጻፍና ሌላ ሰው ይመደብ» አለኝ። ሥራዋ በእኔ ፍርሃት ላይ ተንጠለጠለ።

ከከተማው ዳር፣ በቀርከሃ አጥር የተከበበ ሜዳ አለ። ከመስክ ስትመለስ ወደዚያ ወሰድኋትና መካከለኛዋ ላይ አወጣኋት። ቆንጆ ነዳች። ዞረች፣ ተመለሰች፣ ቆመች፣ ተነሣች። ልቤ መረጋጋት ሲጀምር ከአጥሩ ጥግ ጥጃ ዘሎ ፊቷ ተደነቀረ።

ጥሩዬ ወደ ኋላ ተለጠጠች። ሁለት ክርኗን ወደ ጎኗ ሰበሰበች፤ እጀታውን ወደ ደረቷ ሳበች። ሞተሯ በመቆም ፋንታ ጮኸች። ጥጃውን ለጥቂት ስታ ሜዳውን ሰንጥቃ ወደ አጥሩ በረረች፤ እኔ «እጅሽን! እጅሽን!» እያልሁ እሮጣለሁ፣ እግሬ አይደርስም። ሣሩ ላይ ተገለበጠች። ሞተሯ ጠፋች። ጸጥ አለ።

ተነሣች። ክርኗ ተልጧል፣ ሌላ ምንም የለም።

«ልገታት ብዬ ሳብኋት» አለች እያለከለከች። «እምቢ አለችኝ!»

ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። ያን ቃል ሰምቼዋለሁ፤ ቃሬዛ ላይ ከተኛ ሰው አፍ።

«ጥሩዬ፣ በምን አደግሽ?»

«በፈረስ ነዋ! ምን ሊሆን ኖሯል?»

ያኔ ነው የታየኝ። ፈረስ ሲነጥቅህ ወደ ኋላ ተለጥጠህ ልጓሙን ትስባለህ፤ ይቆማል። ከሕፃንነትህ ጀምሮ እጅህ የሚያውቀው ይህን ነው፤ አታስበውም። የሞተር ቀኝ እጀታ ግን ነዳጅ መስጫ ነው። ጨብጠህ ወደ ራስህ ስትስበው አንጓህ ይጠመዘዛል፤ ነዳጅ ይጨምራል። በፈራህ ቁጥር ትስባለህ፤ በሳብህ ቁጥር ትሮጣለች። በብስክሌት ያደገ ሲደነግጥ ጣቱ ወደ ፍሬን ነው የሚሄደው። የእኛ ልጅ ግን ልጓም ይስባል። ትንሿ ብትሆን ጮኻ ትቀራለች፤ አቅም የላትም፤ ስህተቱን ይቅር ትለዋለች፣ እሱም ሳይጎዳ ይማርበታል። ትልቋ ይቅር አትልም። አቶ ፈንታ እጃቸውን እይ ያሉት ይህን ነው፤ እኔ ቆሞ ያለውን እጅ አየሁ እንጂ የደነገጠውን አላየሁም።

ይኸነው ሊያቆማት ነበር። እውነቱን ነበር የተናገረው።

ጥሩዬን ሁለት ሳምንት እጇን አስተማርኋት። ስትደነግጪ እጅሽ ወደ ፊት ይገፋል፣ ጣትሽ ይከፈታል፣ ከዚያ ፍሬን፤ መቶ ጊዜ፣ እስክትጠላኝ ድረስ። ከዚያ መካከለኛዋን ሰጠኋት። አሁንም እየሠራችባት ነው።

አቶ ደምሴ ዘንድ ገብቼ ስለ ይኸነው ነገርሁት። ብዕሩን አስቀመጠ። «አያ አንማው፣ ይህ እኮ ፋይሉ የተዘጋ ነው። ልትወጣ ጥቂት ቀን ነው የቀረህ። በሰላም ብትወጣ አይሻልም?» ክፋት አልነበረበትም፤ ለእኔ አዝኖ ነው። እኔም አንድ ሌሊት ያህል አሰብሁበት፣ ዝም ብል ማን ያውቃል ብዬ። ከሠራሁት ሁሉ ይህን መጻፍ ነው የከበደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ያቺኑ መካከለኛ ሞተር ነድቼ ይኸነው ቤት ሄድሁ። አያ ተሰማ ግቢው ውስጥ ኮርቻ ይጠግናሉ። ይኸነው ከደጃፉ ወንበር ላይ፣ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ። በመሐላቸው አሥር እርምጃ ይሆናል፤ ሁለቱም ለእኔ ሰላምታ ሰጡ፣ እርስ በርስ ግን አይተያዩም።

ሞተሯን በመቆሚያዋ አቆምኋት፤ ማርሿን አወጣሁ፤ አስነሣኋት። «ይኸነው፣ እባክህ ና፣ ተቀመጥባት።»

ፊቱ ተለወጠ። «አያ፣ እኔ ላይ ያሾፋሉ?»

«አላሾፍም። አንድ ጊዜ ብቻ። አትሄድም፣ ማርሽ የላትም።»

እየከበደው መጣ። በግራ ደገፍሁት፤ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። እጀታውን ጨበጠ። አባትየው መስፋታቸውን ትተው ያያሉ።

«ዓይንህን ጨፍን። ዳማው ፈረስህ ላይ ነህ፣ ቁልቁል ነው። ላም ገባችብህ። ፈረሱ ነጥቆሃል። ግታው!»

ሳበ። ሁለት ክንዱ ወደ ጎኑ ገባ፣ ወገቡ ተለጠጠ፣ ሞተሯ ግቢውን በጩኸት ሞላችው። ዶሮዎቹ ተበተኑ፤ እናትየው ከቤት ወጡ። ዓይኑን ገለጠና እጁን አየ። አሁንም ይስባል፤ ሞተሯ አሁንም ትጮኻለች። መልቀቅ ያቃተው ይመስል ነበር። ከዚያ ጣቱን አንድ በአንድ ፈታ።

«ስገታት ነበር ለካ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ስገታት ነበር።»

«አዎ። አንተ አልዋሸህም። አላመንሁህም፣ ፈረምሁብህም። ሳልፈትንህ ትልቋን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ትንሿ ላይ ሆነህ ይህን መማር ነበረብህ። ስትጋልብ አይቼ ወድጄህ ነው።»

አያ ተሰማ ተነሥተው ነበር። ኮርቻው ከጉልበታቸው ወድቋል፤ አላነሡትም። መጥተው ከልጃቸው ፊት ቆሙና የልጁን ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ያዙት።

«ይህን አሳሳብ ያስተማርሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ክርንህን ወደ ጎንህ እያልሁ፣ እየገረፍሁ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። አንተ ጉራ አላበዛህም፣ ልጄ። ያልሁህን ነው ያደረግኸው።»

ይኸነው እጁን አልነጠቀም። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከበሩ አልተንቀሳቀሱም።

ይኸነው ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ይጽፉታል?»

«እጽፈዋለሁ። ሰኞ ለኮሚቴው...»

«አሁን ይጻፉት። እዚሁ።»

ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሞተሯን አጥፍቼ ከይኸነው ኋላ መቀመጫዋ ላይ አስደግፌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብሁ ጻፍሁ። የቀድሞው ውሳኔ ስህተት መሆኑን፣ ሠራተኛው ሞተሯን ለማቆም ሲሞክር አደጋ እንደደረሰበት፣ እንዴት እንደሆነም። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ።

አያ ተሰማ በሁለት ጣታቸው ወረቀቱን ነካ አደረጉ። «የእኔን ስም አግባበት። ተሰማ ነው ያስተማረው በል።»

«አያ ተሰማ፣ ይህ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው፣ እንዴት ብዬ...»

«አግባው ነው የምልህ!»

ይኸነው አንጓው በአባቱ እጅ እንደተያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«የአባቴን ስም አይጻፉ» አለኝ። «የእርስዎን ይጻፉ።»

ጻፍሁ።